ፈንገስ የተባለው ሁሉ

በሰሜን ቨርጂንያ በአማርኛ ስለ ጥፍር ሲወራ አንድ ቃል ይበዛል፦ ፈንገስ። ጥፍር ቢወፍር ፈንገስ፣ ቢጠቁር ፈንገስ፣ ከሥጋው ቢላቀቅ ፈንገስ፣ ዙሪያው ቢያብጥም ፈንገስ። ጭርትን ከችፌ፣ ቋቁቻን ከእከክ ለይቶ የሚጠራ ቋንቋ ጥፍር ላይ ሲደርስ በአንድ የውጭ ቃል መርጋቱ ይገርማል። ቃሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የሕክምና መጻሕፍት እንደሚሉት ከጥፍር ሕመም ሁሉ ግማሽ ያህሉ በእርግጥም የፈንገስ ነው። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ሌላው ግማሽ ነው፤ እሱ የት ይገባል? ማንስ ይለየዋል?

ጥያቄው አርሊንግተንና አካባቢው ላይ ሲነሣ የተለየ ክብደት ይኖረዋል። ክሪስታል ሲቲና ፔንታገን ሲቲ ባሉት ሆቴሎች አልጋ የሚያነጥፉና መታጠቢያ ቤት የሚያጥቡ፣ በሬገን ናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የሚያሰልፉ፣ በፓርኪንግ ጋራዥ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ በኮሎምቢያ ፓይክ ጓዳ ሊጥ የሚያቦኩ ሰዎች እጅና እግራቸው የሚውልበት ይለያያል። ጥፍራቸውም እንዲሁ ይለያያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥፍር እንደ መዝገብ

የምናየው ጥፍር የሞተ ነው፤ ሕይወት ያለው ከቆዳው በታች የተደበቀው ሥሩ ነው። ሥሩ በየቀኑ ጥቂት ይሠራል፣ የሠራውን ወደ ፊት ይገፋል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የእግሩ ከዚያ ግማሽ ያህል ወይም ያነሰ ነው። የእጅ ጥፍር ከሥሩ እስከ ጫፉ ለመተካት 6 ወር፣ የእግር አውራ ጣት ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ቢን ይህን በራሱ አውራ ጣት ላይ 35 ዓመት ሙሉ እየለካ መዝግቦ ውጤቱን በ1980 አሳትሟል። በ32 ዓመቱ በቀን 0.123 ሚሊ ሜትር ያድግ የነበረው ጥፍሩ በ67 ዓመቱ 0.095 ደርሶ ነበር። ትዕግሥቱ የመነኩሴ ነው።

ይህ አዝጋሚ እድገት ጥፍርን መዝገብ ያደርገዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ጆሴፍ ቦ በ1846 እንደጻፈው፣ ሰው በጽኑ ሲታመም ሥሩ ሥራውን ያቋርጣል፤ ሲድን ይቀጥላል፤ የተቋረጠበት ቦታ በጥፍሩ ላይ አግድም ቦይ ሆኖ ይቀራል። ቦዩ በእጅ ጥፍር ላይ ከቆዳው 6 ሚሊ ሜትር ርቆ ከታየ ሕመሙ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ነበር ማለት ነው። በመዋዕለ ሕፃናት የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ የያዘው ልጅ አገግሞ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ጥፍሩ ሲወልቅ ወላጆች የሚደነግጡት ይህን ቀመር ስለማያውቁ ነው፤ ጥፍሩ አሁን የሚናገረው ያለፈውን ትኩሳት ነው፤ ደግሞም ይበቅላል።

ከቦ በፊትም በኋላም ሐኪሞች በጥፍር ላይ የውስጥ በሽታ ሲፈልጉ ኖረዋል። የጣት ጫፍ እንደ ከበሮ መምቻ ማበጡ የሳንባና የልብ ሕመም ምልክት እንደሆነ ከሂፖክራቲስ ጀምሮ ይነገራል። ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ሊዮ ሻምሮት የልብ ግድግዳው በተመረዘ ጊዜ የገዛ ጣቶቹን ሲያይ ያገኘውን በ1976 አሳተመ፦ ሁለቱን የተመሳሳይ ጣት ጥፍሮች ጀርባ ለጀርባ ሲያጋጥሙ በመሃል የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ ከጠፋች ጣቱ አብጧል ማለት ነው። ሪቻርድ ቴሪ በ1954 ጉበታቸው ከጠጠረ 100 ሕመምተኞች በ82ቱ ላይ ጥፍሩ እስከ ጫፉ ድረስ ነጥቶ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ቀጭን ቀይ መስመር ቀርቶት አገኘ። በ1956 ሙርኪ የፕሮቲን ማነስን፣ በ1967 ሊንዚ የኩላሊት ድካምን እንዲሁ በጥፍር ላይ አነበቡ። በዚያው ልክ ሕዝብ የሚያምናቸው ያልተረጋገጡ ንባቦችም አሉ፤ በጥፍር ላይ የሚታዩት ትናንሽ ነጭ ነጠብጣቦች «ካልሲየም ጎድሎ» የሚመጡ ሳይሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ላይ ከደረሰ ቀላል ግጭት የሚተርፉ ናቸው።

ሥራህ ምንድን ነው?

በጥፍር ላይ የውስጥ በሽታን ከሚያነብበው ወገን ሌላ ሁለተኛ ወገን አለ፤ እሱ ከውስጥ ይልቅ ውጭውን ያያል። የዚህ ወገን አባት በጣልያን ሞዴና ያስተምር የነበረው በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። በ1700 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፉ ሐኪም ሕመምተኛውን ከሚጠይቃቸው የቆዩ ጥያቄዎች ላይ አንድ እንዲጨምር አሳሰበ፦ ሥራህ ምንድን ነው? ልብስ አጣቢ ሴቶች እጃቸው በአመድ ውሃ ሲሰነጣጠቅ ያኔ አስተውሎ ነበር።

የሁለቱ ወገኖች ልዩነት በአንድ ምልክት ላይ ጎልቶ ይታያል። ጥፍር መሃሉ ጎድጉዶ እንደ ማንኪያ ሲሆን የመማሪያ መጻሕፍት «የብረት እጥረት» ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው። ነገር ግን በ1971 ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጽሑፍ በባዶ እግራቸው ሪክሾ የሚጎትቱ ሰዎች የእግር ጥፍር ማንኪያ ሆኖ እንደተገኘ፣ ምክንያቱም ከመንገዱ ጋር የሚደረገው ግፊት እንደሆነ አሳየ። የፀጉር ሠራተኞችና ዘይት የሚነኩ መካኒኮችም በእጃቸው ላይ ይኸው ይደርስባቸዋል። የደም ምርመራ ሳያደርግ የብረት ክኒን የሚያዝ ሐኪም እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ምንም አይፈይደውም። ሥራውን ብቻ አይቶ ደም ሳያስመረምር የሚሸኘው ደግሞ የሚደማ አንጀት ሊያመልጠው ይችላል። ምልክቱ አንድ ነው፤ መንስኤው ግን አንድ አይደለም።

ጥፍር የተሠራው ፀጉርና ቀንድ ከተሠሩበት ኬራቲን ነው። ፀጉር የሚያሟሟ ኬሚካል ስለዚህ ጥፍርንም ያሟሟል። በሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ከበግና ከፍየል ቆዳ ላይ ፀጉር የሚነቀለው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው፤ ጓንት የተቀደደበት ሠራተኛ ጥፍሩ ቢሳሳና ቢሰነጠቅ የሚያስደንቅ አይሆንም። ቆዳ ፋቂን በስድብ የሚጠራ ኅብረተሰብ ለእጁ ሕመም ስም ሳያወጣለት መቅረቱን ግን ልብ ማለት ይገባል። በአበባና በአትክልት እርሻም እንዲሁ ነው፦ ፓራኳት የተባለውን የአረም መድኃኒት ያለ ጥንቃቄ የነኩ ሠራተኞች ጥፍራቸው እንደተጎዳ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመዝግቧል።

እግርም የራሱ ሥራ አለው። ጠባብ ጫማ አድርጎ ቁልቁለት የሚሮጥ ሰው አውራ ጣቱ የጫማውን ጫፍ እየደበደበ ደም ከጥፍሩ በታች ይረጋል፤ በየጥቅምቱ ከአርሊንግተን በሚነሣው የማሪን ኮር ማራቶን የሚሮጡ ሰዎች ይህን ያውቁታል። መኪና ለማምጣት ቀኑን ሙሉ የጋራዥ ደረጃ የሚወርድ የፓርኪንግ ሠራተኛም ከሯጩ ብዙም አይለይም፤ ሯጩን ግን «ማራቶን ነው» ሲሉት ይህኛውን «ፈንገስ ነው» ይሉታል።

እርጥብ እጅ

የሥራና የፈንገስ ክርክር ጎልቶ የታየው የጥፍር ዙሪያ ቆዳ ለወራት ሲቀላና ሲያብጥ፣ አልፎ አልፎም መግል ሲቋጥር ነው። ያጋጠማቸውን ሰዎች ሥራ ብንዘረዝር የሰሜን ቨርጂንያን የሥራ ገበያ ይመስላል፦ ሳህን አጣቢ፣ ምግብ አብሳይ፣ የሆቴል ጽዳት፣ ነርስና ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ)፣ ቤቷ ሕፃናት የምትጠብቅ እናት። እንጀራ ለገበያ የምትጋግርም ከዚሁ ናት፤ ሊጥ ማቡካት፣ አብሲት መጣል፣ ዕቃ ማጠብ፣ ምጣድ ማሰስ፤ እጇ ከእርጥብ ወደ ሙቀት፣ ከሙቀት ወደ እርጥብ ሲመላለስ ይውላል።

የድሮው አቋም ቀላል ነበር። ከእብጠቱ ናሙና ሲወሰድ ካንዲዳ የተባለው እርሾ ይገኛል፤ ስለዚህ ጥፋተኛው እርሾው ነው፤ መድኃኒቱም የፈንገስ መድኃኒት። ለአሥርት ዓመታት በዚህ ታከመ። ኋላ ግን ጥያቄ ተነሣ፦ እርሾው በሩን ሰብሮ ነው የገባው ወይስ ክፍት በር አግኝቶ? ጥፍርንና ቆዳን የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን አለ፤ ጣትን ከውሃና ከሳሙና የሚጠብቅ ማኅተም ነው። በረኪናና ሳሙና፣ የሽንኩርትና የሎሚ ጭማቂ ማኅተሙን ሲሸረሽሩት ውሃ ይሰርጋል፣ ቆዳው ይቆጣል፣ እርሾውም በተከፈተው ይገባል። በ2002 ከጣልያን የወጣ ሙከራ 45 ሕመምተኞችን ለሦስት መድኃኒት አከፋፈለ፦ ሁለቱ የሚዋጡ የፈንገስ መድኃኒቶች፣ አንዱ የሚቀባ የቁጣ ማብረጃ ስቴሮይድ። ስቴሮይድ ከተቀቡት ጥፍሮች 85 በመቶ ገደማ ሲሻላቸው፣ የፈንገስ መድኃኒት በተሰጣቸው ወገኖች የተሻላቸው ግማሽ ያህል ነበሩ። የእርሾው መኖርና የሕመሙ መባባስም አብረው አልሄዱም።

ሙከራው አነስተኛ ነው። 45 ሰው የክርክር መዝጊያ አይሆንም። ቢሆንም የብዙ ቆዳ ሐኪሞችን አመለካከት አዙሯል፤ ዛሬ ይህ ሕመም በመጀመሪያ የእጅ ችፌ ዓይነት፣ በሁለተኛ ደረጃ የእርሾ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ያልተፈታው የሕክምናው ተግባራዊ ፍቺ ነው። የሚቀባው መድኃኒት ይሠራል፤ ግን በማግሥቱ ያው እጅ ያው ባልዲ ውስጥ ከገባ አይሠራም። «እጅዎን ደረቅ ያድርጉ» የሚለው ምክር ለሳህን አጣቢ ሥራ ልቀቅ እንደማለት ነው። በጀርመን የሥራ ደንብ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እጅ በውሃ ውስጥ ከዋለ «እርጥብ ሥራ» ተብሎ አሠሪው ግዴታ ይወድቅበታል። ጓንትም መፍትሔ እንደሆነ ሁሉ ችግርም ነው። የጎማ ጓንት ከሥሩ የጥጥ ጓንት ካልተደረገለት ጣትን በላብ ይቀቅላል።

የጥፍር ቤቱ ሁለት ወገን

በአሜሪካ የጥፍር ቤት ሥራ በአብዛኛው የቬትናም ስደተኞች ሙያ ሆኗል፤ ኢትዮጵያውያን በዚህ አካባቢ በይበልጥ የምንገኘው ወንበሩ ላይ፣ በደንበኛው ወገን ነው። ነገር ግን ተመርቀው የሚሠሩም አሉ፤ በቨርጂንያ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚፈለገው ሥልጠና 150 ሰዓት ነው፣ ይህም ከብዙ ሙያዎች ጋር ሲተያይ አጭር መንገድ ነው።

የሠራተኞቹን ጤና ያነሣው የመጀመሪያ ትልቅ ክርክር ስለ ትነት ነበር፦ በቀለሙ ውስጥ ስላሉት ፎርማልዲሃይድ፣ ቶሉዊንና ዳይቡቲል ፍታሌት። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2015 ያወጣው ረጅም ዘገባ ጉዳዩን አደባባይ አወጣው፤ ኒው ዮርክም ወዲያው አስቸኳይ ደንብ አወጣ። ብዙ አምራቾች ሦስቱን ኬሚካሎች አውጥተናል አሉ። የዛሬው ክርክር የሚያጠነጥነው በአክሪሌት ላይ ነው። ጄልና አክሪሊክ የሚጠነክሩት እነዚህ ጥቃቅን ውህዶች በብርሃን ወይም በኬሚካል ተያይዘው ሲቆላለፉ ነው። ያልተቆላለፈው ትርፍ ቆዳን ሲነካ ሰውነት ሊያኮርፍ ይችላል፤ አንዴ ካኮረፈ ደግሞ አይታረቅም። ጣቱ ይሰነጠቃል፣ ጥፍሩ ከሥጋው ይላቀቃል፣ ከታችም ይወፍራል። ልክ ፈንገስ ይመስላል። የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር አክሪሌትን የ2012 «የዓመቱ አለርጂ» ብሎ የሰየመው በምክንያት ነው፤ ችግሩም ጥፍር ቤት አይቀርም፤ ጥርስ በሚሞላበት ሙጫ ውስጥም አክሪሌት አለ። ተራው ቀጭን ጓንት አክሪሌትን የሚያቆመው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። አውሮፓ በ2020 ሄማ የተባለውን አክሪሌት ለባለሙያ ብቻ ገደበ፤ ከመስከረም 2025 ጀምሮ ቲፒኦ የተባለውን ሌላ የጄል ንጥረ ነገር ከመዋቢያ አገደ። አሜሪካ ውስጥ ግን እቤት የሚሠራ የጄል ዕቃ ማንም ያዛል።

የማድረቂያው መብራት ጉዳይ በሁለት በኩል ይነገራል። በ2023 ከሳንዲያጎ የወጣ ጥናት መብራቱ በቤተ ሙከራ ያሉ ሕዋሳትን እንደሚገድልና ዘራቸውን እንደሚለውጥ አሳየ። ሕዋሳቱ ግን በሳህን ላይ ያሉ እንጂ ቆዳ የሸፈናቸው አልነበሩም፤ የተሰጣቸው የብርሃን ጊዜም በአንድ የጥፍር ቀጠሮ ከሚሰጠው የረዘመ ነበር። «ካንሰር ያመጣል» ማለትም «ምንም የለውም» ማለትም ከማስረጃው ቀድሞ መሮጥ ነው።

በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ለሚሠሩት ደግሞ የሰው ሠራሽ ጥፍር ጥያቄ ከራስ ጤና ያለፈ ነው። በኦክላሆማ አንድ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በ1997 እና በ1998 ለ15 ወራት በዘለቀ የባክቴሪያ ወረርሽኝ ከ439 ሕፃናት 46ቱ ተበከሉ፣ 16ቱ ሞቱ። መርማሪዎቹ ባክቴሪያውን ረጅም የተፈጥሮ ጥፍር ከነበራት አንዲት ነርስና ሰው ሠራሽ ጥፍር ካደረገች ሌላ ነርስ ጋር አያያዙት። ማያያዝ ማረጋገጥ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ግን በ2002 መመሪያው ለአደጋ የተጋለጡ ሕመምተኞችን የሚንከባከቡ ሠራተኞች ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርጉ አለ፤ አሠሪዎችም ለሲኤንኤ ሲያስፈርሙት ምክንያቱን እምብዛም አያብራሩም።

ፈንገሱ ራሱ

አሁን ወደ እውነተኛው ፈንገስ። ለረጅም ጊዜ መድኃኒቱ ደካማ ነበር፤ ግሪሲዮፉልቪን በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይዋጥ ነበር። ተርቢናፊን በ1996 በአሜሪካ ሲፈቀድ ጊዜው አጠረ፦ ለእጅ 6 ሳምንት፣ ለእግር 12 ሳምንት፣ በቀን 250 ሚሊ ግራም። በአምራቹ መረጃ መሠረት ከእግር ጥፍር ፈንገሱ የጠፋላቸው 70 በመቶ ነበሩ፤ ፈንገሱ ጠፍቶ ጥፍሩም ንጹሕ ሆኖ ያደገላቸው ግን 38 በመቶ ብቻ። የሁለቱ ቁጥሮች ርቀት ነው ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚያሰኘው፤ ፈንገሱ ቢሞትም ለዓመታት የተጎዳው ሥር ጠማማ ጥፍር ሊያወጣ ይችላል፤ ደግሞም ጤናማው ጥፍር የእግር አውራ ጣትን ለመሸፈን አንድ ዓመት ይፈልጋል። በ2014 የተፈቀዱት የሚቀቡ መድኃኒቶች ጉበት አይነኩም፤ ሙሉ በሙሉ የሚያድኑት ግን ኢፊናኮናዞል ከ15 እስከ 18 በመቶ፣ ታቫቦሮል ከ10 በመቶ በታች ነው።

ትልቁ ክርክር ከመድኃኒቱ በፊት ያለው ነው፦ ሳይመረመር ይሰጥ ወይስ አይሰጥ? የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 በግልጽ፣ ፈንገስ መሆኑ በቤተ ሙከራ ሳይረጋገጥ የሚዋጥ መድኃኒት አትስጡ አለ፤ ሶሪያሲስና ላይከን ፕላነስ የተባሉት የቆዳ ሕመሞች፣ ግጭት፣ የዕድሜ ለውጥ ሁሉ ፈንገስ ይመስላሉና። ሌላው ወገን በ2016 በአንድ የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና መጽሔት በወጪ ስሌት መለሰ፦ ተርቢናፊን ርካሽ ስለሆነና አደጋው አነስተኛ ስለሆነ ሁሉንም መመርመር ከማከም ይበልጥ ያስወጣል፤ ውድ የሆነውን ኢፊናኮናዞል ለማዘዝ ግን ምርመራው ያተርፋል። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። የማያሰላው ነገር ግን አለ፦ ፈንገስ የሌለባት እንጀራ ጋጋሪ ሦስት ወር መድኃኒት ስትውጥ እጇን የሚያቃጥለው በረኪና ሳይጠየቅ ማለፉን። የመመርመር ወገን የበለጠ የሚያሳምነኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ የምርመራ ጥቅሙ መድኃኒት መቆጠብ ብቻ ሳይሆን ሥራን የመጠየቅ ዕድል መክፈቱም ነው።

ከአዲስ አበባ የወጡ የቤተ ሙከራ ጥናቶችም ከጥፍር የሚገኘው ቆዳን የሚያጠቃው የተለመደው ፈንገስ ብቻ እንዳልሆነ፣ እርሾዎችና ሌሎች ሻጋታዎችም እንዳሉ ያሳያሉ። ይህ ለምርመራ ወገን ተጨማሪ ማስረጃ ነው፤ ሁሉም በአንድ መድኃኒት አይበገሩምና። የሚዋጥ ኬቶኮናዞልን በተመለከተ ግን ክርክር የለም፤ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 አጠቃቀሙን ገደበ፤ በ2016 ደግሞ ለጥፍር ሲታዘዝ ሰው መሞቱን ጠቅሶ ዳግም አስጠነቀቀ። የምግብ ማሟያውም አስተዳደሩን አሳስቦታል። ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ሰው በቀን ከሚያስፈልገው 30 ማይክሮ ግራም በመቶዎች እጥፍ የበለጠ ይይዛል። ለተሰባሪ ጥፍር ይረዳል የሚሉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ድንገተኛ የልብ ጥቃትን የሚለየውን የደም ምርመራ ሊያሳስት እንደሚችል ግን በ2017 ማስጠንቀቂያ ወጥቷል።

ጥቁሩ መስመር

ከሥር እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር የሚፈራውም የሚናቀውም ያለቦታው ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ መስመሩ በጣም የተለመደ ነው፤ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የተደረጉ የቆዩ ቆጠራዎች ከ20 ዓመት በላይ በሆኑት 77 በመቶ፣ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑት ሁሉም ላይ ለማለት በሚያስደፍር መጠን አግኝተውታል፤ በነጮች ላይ 1 በመቶ ገደማ ነው። እርግዝና፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ለኤችአይቪ የሚሰጠው ዚዶቩዲን ያመጡታል። የቪታሚን ቢ12 እጥረትም ጥፍርን ያጠቁራል፣ ቪታሚኑ ሲተካ ይጠራል፤ ቪታሚኑ ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሚገኝ አጽዋማትን ሁሉ አጥብቆ የሚጾም ሰው ስለ ጾሙ መጠየቁ አግባብ ነው።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለጥቁር ሰው የተለመደ ስለሆነ መስመሩ ይታለፋል፤ ካንሰሩም በዚያ ይሸሸጋል። ቦብ ማርሊ በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘው ቁስል በእግር ኳስ የደረሰ ጉዳት መስሎ ነበር፤ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ጣቱን ማስቆረጡን አልተቀበለም። በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ጳጳስ በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ሲያርፍ ኪንግስተን ላይ የተሸኘው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ነው። ሜላኖማ በጥቁሮች ላይ በጠቅላላው ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ድርሻው በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ይበዛል፣ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ ይገኛል።

መለያዎቹ ይታወቃሉ። በብዙ ጣቶች ላይ ያሉ፣ ቀጭን፣ ለዓመታት ያልተለወጡ መስመሮች ብዙውን ጊዜ ተፈጥሮ ናቸው። በአንድ ጣት ብቻ የመጣ፣ በተለይ በአውራ ጣት፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋ ወይም እየሰፋ የሚሄድ፣ ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው የፈሰሰ መስመር ግን ናሙና ይፈልጋል። የመጨረሻውን ምልክት ጆናታን ሃቺንሰን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገልጾታል። አሁንም የሚያከራክረው መቼ ይቆረጥ የሚለው ነው። ናሙና ሲወሰድ ሥሩ ሊጎዳ፣ ጥፍሩም ለዘለቄታው ሊሰነጠቅ ስለሚችል አንዳንዶች በፎቶግራፍ እየተከታተሉ መጠበቅን ይመርጣሉ። ሌሎች መዘግየቱ ሕይወት ያስከፍላል ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ልክ የሆኑባቸው ሰዎች አሉ።

ቀለሙ ከውጭ የመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነው። በጎጃምና በጎንደር ሴቶች ለበዓልና ለሠርግ እንሶስላ ይሞቃሉ፤ በሐረርና በድሬዳዋ፣ በዚህም አገር በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ሂና አለ። ሁለቱ የአንድ ኬሚካል ቤተሰብ የሆኑ ቀለሞች አሏቸው፣ ጥፍርንም ብርቱካንማና ቡናማ ያደርጋሉ። ከውጭ የተቀባ ቀለም እያደገ ሲወጣ የኋላ ጠርዙ የቆዳውን ቅርጽ ይከተላል፤ ከውስጥ የመጣ ቀለም ግን በጥፍሩ ሥር ያለችውን ነጭ ጨረቃ ቅርጽ ይከተላል። የአርሊንግተን ሐኪም እንሶስላን ላያውቅ ይችላል፤ ጠርዙን ግን ማየት ይችላል። «ጥቁር ሂና» የሚባለው ደግሞ ሂና አይደለም፤ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተጨመረበት ስለሆነ ክፉ የቆዳ ቃጠሎ ያመጣል።

ከአገር ቤት የመጣው

በኢትዮጵያ የጥፍር ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። ሙጀሌ በእግር ጣት ጥፍር ጠርዝ ይገባል፤ በመርፌና በእሾህ ሲነቀል ቁስል ይተዋል፣ ጥፍሩም ይጣመማል። ቁንጫው ራሱ ስደተኛ ነው፤ የመጣው ከዚሁ ከአሜሪካ አህጉር ነው። በ1872 ከብራዚል በተነሣች መርከብ አንጎላ ደርሶ አፍሪካን አቋረጠ። በሥጋ ደዌም ጣቶች ሲያጥሩ ጥፍሮች አብረው ያንሳሉ፤ በ1965 አዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ይህን ለትውልዶች ሲያክም ኖሯል።

ጥፍር ራሱ ሳይታመም በሽታ የሚያመላልስበት መንገድም በኢትዮጵያ ምድር ተፈትኗል። በትግራይ የተደረገና በ2015 የታተመ ሙከራ 369 ልጆችን ከአንጀት ጥገኛ ተውሳኮች ካዳነ በኋላ አንዳንዶቹን በሳሙና እጅ አስታጠበ፣ የሌሎቹንም ጥፍር በየሳምንቱ አስቆረጠ። ዳግም ከተያዙት መካከል እጅ የሚታጠቡት 14 በመቶ ሲሆኑ የማይታጠቡት 29 በመቶ ነበሩ፤ ጥፍር የሚቆረጥላቸው 17፣ የማይቆረጥላቸው 26 በመቶ። በማለዳ ሰልፍ ጥፍር የሚያስፈትሹ መምህራን ከሳይንስ ቀድመው ነበር ማለት ነው።

ማን ይከፍላል?

የሥራ መንስኤ ሲረጋገጥ ቀጣዩ ጥያቄ የሕግ ነው። በቨርጂንያ ሕግ በሥራ ብቻ የሚመጣ በሽታና ማንም ሰው ሊይዘው የሚችል «ተራ የሕይወት በሽታ» ይለያያሉ። ለሁለተኛው ካሣ ለማግኘት ሠራተኛው በሥራው የመጣ መሆኑን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ማሳየት አለበት። የጥፍር ዙሪያ እብጠት የትኛው ነው? ሆቴል የሚያጸዳ ሰው ቤቱም ዕቃ ያጥባል፤ የአሠሪው ጠበቃ የሚይዘውም ይህን ነው። «ፈንገስ» የሚል ቃል በሕክምና መዝገቡ ላይ ከሰፈረ ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው ወደ ተራ በሽታ ያጋድላል። ስለዚህ ያልተመረመረ ስም ገንዘብም ያሳጣል።

ይህም አሠሪ ላለው ነው። ታክሲና አፕ የሚነዳው፣ በቤቷ ሕፃናት የምትጠብቀው፣ ጓዳዋ ውስጥ ጋግራ ለሬስቶራንት የምታስረክበው በሕግ ፊት የራሳቸው አሠሪዎች ናቸው። ክሊኒክ ሲገቡ በሚሞሉት ቅጽ ላይ «ሥራ» የሚል መስመር አለ፤ አብዛኞቹ «የግል» ብለው ይጽፉና ያልፉታል። ምን ያህል ሰዓት እጃቸው ውሃ ውስጥ እንደሚውል የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ የለም።